ከዘማሪዎች ጉያ የወጣ ቲያትር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን አደረሳችሁ።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የዘንድሮው መወያያ የኢስቶኒያ ሙዚቃና ቲያትር እንዲሆን ሲወስን «እኛን ምን አገናኘን?» ያሉ ነበሩ። ዛሬም እንደ ልማዳችሁ ሙዚቀኞች በቀኝ፣ ተዋንያን በግራ ተቀምጣችኋል። መልሱ ይኸው ነው፤ የኢስቶኒያ ቲያትር የወጣው ከዘማሪዎች ጉያ ነውና።

ዮሃን ቮልደማር ያንሰን በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታርቱ ከተማ ቫኔሙይኔ የተባለውን ማኅበር ያቋቋመው ለመዝሙር ነበር። የመሬቱ ጌቶች ጀርመኖች፣ የተማረው ሰው ቋንቋም ጀርመንኛ በሆነበት አገር ማኅበሩ በ1869 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የመዝሙር በዓል አዘጋጀ። ያም ሆኖ ከቀረቡት መዝሙሮች የኢስቶኒያውያን የሚባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዜማቸው የአሌክሳንደር ኩኒላይድ፣ ግጥማቸው የያንሰን ልጅ የሊዲያ ኮይዱላ።

ይህችው ኮይዱላ በዓመቱ የጀርመናዊውን የቴዎዶር ኮርነርን አጭር ኮሜዲ አንስታ፣ ከብሬመን የሚመጣውን ዘመድ የሳሬማ ደሴት ሰው አደረገችው፤ ገበሬዎቹንም በገዛ ቋንቋቸው አናገረቻቸው። ተውኔቱ ጁን 24 ቀን 1870 በማኅበሩ መድረክ ታየ። ኢስቶኒያውያን የቲያትራቸውን ልደት የሚቆጥሩት ከዚያች ዕለት ነው።

ቀጥሎ የቫኔሙይኔን ቲያትር የመራው አውጉስት ቪየራ መድረኩን በዘፈን ሞላው። በ1906 እዚያው ሙያዊውን ቲያትር የመሠረተው ካርል ሜኒንግ ግን ኦፔሬታን፣ ማለትም ዘፈንና ንግግር የተቀላቀለበትን ቀላል የሙዚቃ ተውኔት፣ ወደ ጎን ብሎ ለድራማ አደላ። ለትወናው በጅቷል፤ እኔ ግን ከቪየራ ወገን ነኝ።

በዋና ከተማዋ በታሊን ደግሞ «ኢስቶኒያ» በተባለው ቲያትር ቤት የኅብረ ዝማሬ ክፍል ያገለገለው ኤቫልድ አቭ በ1928 ስለ ቫይኪንጎች የደረሰውን ኦፔራ እዚያው መድረክ ላይ አየ። ብዙዎች የመጀመሪያው ብሔራዊ ኦፔራ የሚሉት እሱን ነው።

የእኔ ልብ ይበልጥ የሚያደላው ለኤድዋርድ ቱቢን ነው። በ1943 በቫኔሙይኔ የታየው «ክራት» የተሰኘው ባሌቱ ከሕዝብ ዜማዎች የተሠራ ነው። ክራት በተረታቸው ሰው ከአሮጌ ዕቃ አበጅቶ፣ ለሰይጣን ሦስት ጠብታ ደም ከፍሎ ነፍስ የሚያዘራበት ሀብት አምጪ ፍጡር ነው። ማርች 9 ቀን 1944 ባሌቱ በታሊን እየታየ ሳለ የሶቪየት አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቲያትር ቤቱም ተቃጠለ። ቱቢን በዚያው ዓመት ወደ ስዊድን ተሰደደ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ የዚህን ባሌት ሙዚቃ እናደምጣለን፤ ከዚያ ወደ ዓመታዊው ሪፖርትና ወደ ኦዲቱ እንገባለን። በዚሁ ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ።