ድርቆሽ የሆነው የቺካጎ ፎቅ

ሰላም ሰላም ወገኖቼ! ዛሬም የፎቅ ልብስ ላይ ነን። ክላዲንግ፣ ማለትም የሕንፃ የውጭ ሽፋን። ያረጀ ፎቅ ልብሱን አውልቆ ሌላ ሲለብስ።

ግን የጎበጠ ማርብል (እብነበረድ) ባሳየሁበት ያለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ኮሜንት አስቸገረኝ። «ማርብል እኮ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ አይጎብጥም።» አንዱማ «ፎቶሾፕ ነው» አለኝ። እሺ፣ እሱን ሳንጨርስ ንቅንቅ የለም።

ድርቆሽ አስጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንጀራው ጠዋት ሰፌድ ላይ ለጥ ብሏል። ከሰዓት ስትመለሱ ጠርዙ ተነስቷል። ቆርፍዷል። እናቴ «እንዳትነካው!» ትላለች፤ እኔ እነካለሁ። ላቃናው ብዬ በመዳፌ ጫን ሳደርገው፣ ቀጭ! ይቺን «ቀጭ» ያዙልኝ።

አሁን ቺካጎ። ዛሬ ኤኦን ሴንተር የሚባለው ባለ 83 ፎቅ ሕንፃ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲሠራ ነጭ የካራራ እብነበረድ አለበሱት። ከጣሊያን የመጣ፣ ወደ 43,000 ቁራጭ! ውፍረቱ ግን 3 ሴንቲ ገደማ። ሥራው ሳያልቅ፣ በ1973 በፈረንጆች ገና ዕለት፣ አንዱ ቁራጭ ወድቆ የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ በሳ።

ሳይንሱን በሩጫ፦ እብነበረድ ካልሳይት የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች ጥርቅም ነው። ካልሳይት ሲሞቅ በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው ይሰበሰባል። ቅንጣቶቹ ይገፋፋሉ፣ ይላቀቃሉ፤ ሲበርድም ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ቀጭን ከሆነ ይጎብጣል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። አለቀ! እንጀራው የሚቆረፍደው ውሃው ስለሚሄድ ነው፣ ድንጋዩ ቅንጣቶቹ ስለሚለያዩ። መጨረሻው ግን ያው «ቀጭ» ነው።

በ1985 ሲፈተሽ ድንጋዩ ተሰነጣጥቋል፣ ጎብጧል። መጀመሪያ በብረት ቀበቶ አሰሩት። ከ1990 እስከ 1992 ግን ሁሉንም ገፈው 5 ሴንቲ በሚሆን ነጭ ግራናይት ተኩት። ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ! እኔን ብትጠይቁኝ ያቺ 3 ሴንቲ ቁጠባ አልነበረችም።

የፊንላንዷ ሄልሲንኪ ደግሞ ይብሳል። የፊንላንዲያ አዳራሽ የካራራ እብነበረድ ጎበጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገፈው ምን አለበሱት? ካራራ! ደግሞ ጎበጠ። ኧረ በሕግ!

የቺካጎው ልብስስ? አብዛኛው ተፈጭቶ ኢንዲያና ውስጥ የነዳጅ ማጣሪያ ግቢ ማስጌጫ ጠጠር ሆነ። «ፎቶሾፕ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ሰብስክራይብ አድርገህ እለፍ።