ባባ ማለት እህት ነው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ድምፄ ትንሽ ተዘግቷል፣ ታገሡኝ። ከተራራ ብርድ ቀጥታ ወደ ዱባይ ኤሲ ስገባ ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።

ባለፈው "አንድ ቦታ ልሄድ ነው፣ ስመለስ አወራችኋለሁ" ብዬ ነበር። ሄድኩ። ፓኪስታን። እናቴ በስልክ ስትሰማ "ምን ጎድሎሽ?" ነው ያለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ቦታ ፈረቃ የምንጋራው አንድ የቺትራል ልጅ አለ፣ ቺትራል ሰሜን ፓኪስታን ውስጥ ያለ ተራራማ አገር ነው። "ባጂ" ነው የሚለኝ፣ እህት ዓለም እንደማለት። ሁሌ ስለ አገሩ ሲያወራ ተራራ፣ ወንዝ፣ አፕሪኮት ነው። አንድ ቀን ግን በእነሱ ሰፈር አቅራቢያ ስለሚኖሩ ካላሻ ስለሚባሉ ሰዎች ነገረኝ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እነሱ አይደሉም። የራሳቸው አማልክት፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ቢቆጠሩ 4 ሺህ አካባቢ ቢሆኑ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ላይ፣ በእኛ ከግንቦት 5 እስከ 8 ባለው፣ ቺላም ጆሺ የሚባል የፀደይ በዓል ያከብራሉ። "ባጂ፣ ሂጂና እዪ" አለኝ። እህቱና ባለቤቷ ኢስላማባድ ተቀበሉኝ።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። ቀኑን ሙሉ መኪና ነው። ሎዋሪ የሚባለው ተራራ ድሮ ክረምት ላይ በበረዶ ሲዘጋ ቺትራል ከሌላው አገር ይቆራረጥ ነበር። በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ) ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ ተከፈተለት። አዩን የምትባል መንደር ስትደርሱ ግን አስፋልቱም ወሬውም ያልቃል። ጂፕ፣ ገደል፣ ከሥር ወንዝ። ሹፌሩ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው ስልክ ያወራል። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ ነው የደረስኩት።

ሦስት ሸለቆዎች ናቸው፤ ቡምቡሬት፣ ሩምቡር፣ ቢሪር። እኛ ያረፍነው ቡምቡሬት ነው። ከቤቱ ደጃፍ አንዲት ሴትዮ "ኢሽፓታ ባባ!" ብላ ተቀበለችኝ። ኧረ ባባ? እኛ ጋ እኮ አባት ነው፣ ወይ የሰፈር ወንድ ልጅ። ለካ በእነሱ ባባ እህት ነው። ኢሽፓታ ደግሞ ሰላምታ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ባባ ስባል ከረምኩ፣ እንዴት ደስ እንደሚል።

የመጀመሪያው ቀን የወተት ቀን ነው። ቤቶቹ በቢጫ አበባ አጊጠዋል፣ በሩ ሁሉ ቢጫ። ለበዓሉ ተብሎ የተጠራቀመ የፍየል ወተት አለ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ዕቃ ይዘው እየሄዱ ይቀዳላቸዋል። ለእኔም በጣሳ ሰጡኝ። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ጎምዘዝ የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚሸት። ደግነቱ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ የለ አርብ የለ። ግጥም አደረግኩት። ከጥቂት ቀናት በፊት ልደታን በንፍሮ ያከበርኩ ሰው፣ እዚህ ደግሞ ከዛፍ ሥር ቆሜ ወተት። ግንቦት እኮ ግንቦት ነው።

ልብሳቸውን ልንገራችሁ። ጥቁር ረጅም ቀሚስ፣ አንገቱና ጠርዙ በደማቅ ክር ጥልፍ በጥልፍ። ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ኩፓስ ይባላል፣ ከኋላ ወደ ጀርባ ይወርዳል፣ ዛጎል ብቻ ነው። ዛጎል! ባሕሩ የት፣ እነሱ የት? አያት ለእናት፣ እናት ለልጅ እያሳለፈች ነው። ፀጉራቸው አምስት ጉንጉን ነው፣ አንዱ ግንባር ላይ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር የሄድኩት። ልጃገረዶቹ ከበቡኝ። አንዷ እየነካካች ቆጠረችው። መሃል ላይ ተሳሳተችና እንደገና ጀመረች።

ሁሉም ነገር ግን አበባ አይደለም። ባሻሊ የሚባል ቤት አላቸው፣ ሴቶች የወር አበባ ሲመጣና ሲወልዱ የሚቆዩበት። ግድግዳውን እንዳልነካ ተነግሮኛል። የጎንደር ቤተ እስራኤሎች የመርገም ጎጆ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። እዚያ የቆየች ሴት ግን "ሥራ የለ፣ ባል የለ፣ ወሬ ብቻ ነው" ብላ ሳቀች። አሁንም ምን እንደምል አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሱሪ ጃጌክ። ሱሪ ስላችሁ የምንለብሰው እንዳይመስላችሁ፣ ፀሐይ ነው። ፀሐይን ማየት። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ከየትኛው የተራራ ጫፍ እንደወጣች አይተው መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ በዓል እንደሚሆን ያውቃሉ። ዩኔስኮ በ2018 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ውስጥ መዝግቦታል። አንድ አባት በጣታቸው ጫፉን አሳዩኝ። እኔ ያየሁት ተራራ ብቻ ነው።

ስለ ታላቁ እስክንድርም ትሰማላችሁ፣ የወታደሮቹ ዘር ናቸው ይባላል። በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት የግሪክ አሻራ አላገኘባቸውም። የእነሱ እውነተኛ ታሪክ ግን ይበልጥ ያስገርማል። ከድንበሩ ማዶ፣ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ተመሳሳይ እምነት ያላቸው ብዙ ሕዝቦች ነበሩ። በ1890ዎቹ አጋማሽ የካቡሉ አሚር አብዱራህማን ወግቶ አሰለማቸው፣ አገራቸውም ኑሪስታን ተባለ። እንግሊዞች በ1893 ያሰመሩት ድንበር ካላሻዎቹን በወዲህ በኩል አስቀራቸው። እና ዛሬም አሉ።

እሺ፣ ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ዋናው የጭፈራ ቀን ነው። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይዞራሉ፣ ከበሮው መሃል ላይ። ዙሪያውን ከየከተማው የመጣ ጎብኚ ስልኩን ወድሮ ቆሟል፣ አንዳንዱ ሴቶቹ ፊት ድረስ ገብቶ። በሆዴ "አይ ሰው!" እላለሁ። ከዚያ የገዛ እጄን ሳየው ስልክ ይዟል፣ ቀረጻው 4 ደቂቃ ሆኖታል። ከፊቴ ያለችው ልጅ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች። ያቺ ሹሩባዬን የቆጠረችው ናት።

ተማሪ ሆኜ ኦሞ ሄጄ ነበር። ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየተባለ ይከፈል ነበር። አንዲት የሐመር ሴት ገንዘቡን ተቀብላ፣ ልክ ስናነሳት ዓይኗን ሌላ ቦታ አደረገች። ያኔ "ፎቶው ተበላሸ" ብለን ተናደናል። እኔም አንዷ ነበርኩ።

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቪዲዮውን ማታ አጠፋሁት።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም የዋልነት ቅጠል ይዞ ያወዛውዛል፣ አረንጓዴ ማዕበል በሉት። አንዲት እናት እጄን ጎትታ መስመሩ ውስጥ አስገባችኝ። እርምጃው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ወደ ጎን ነው የሚኬደው፣ እኔ እስክስታ ነው የሚቀናኝ። ሁለቴ የሰው እግር ረገጥኩ። በሳቅ ሞቱ።

ቀና ስል ያቺው ልጅ ከመስመሩ ወጥታ ቆማለች። ስልኳን አውጥታ እኔን እየቀረጸች ነው። አላስፈቀደችኝም። ነጠላዬ ተንሸራቷል፣ ሹሩባዬ ተፈቷል፣ እግሬ ከከበሮው ጋር ተጣልቷል።

"ባባ! ባባ!" ትለኛለች፣ ወደ እሷ እንድዞር። ዞርኩላት።