ውስጥ እግሩን ገልብጣችሁ እዩ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት ወላጆችና ልጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እናንተም ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የወላጆች ኮሚቴው «ልጆቹ በየቤቱ እንስሳ ማሳደግ ጀምረዋልና አንድ ሰው ስለ አያያዙ ይንገረን» ሲል ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የዞራችሁት አምና በልጄ ቺንቺላ በአመዶ ምክንያት ቤታችን የገባውን ጭንቀት ስለምታውቁ ነው። ያን ሰሞን ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ጠይቃችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የኮሚቴው ደብዳቤ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕናም እንድናገር ይጠይቃል፤ ጊዜ ከተረፈኝ እነካካዋለሁ። እኔ የመጣሁት ግን ስለ እግር ልናገር ነው፤ ስለ ቺንቺላ ውስጥ እግር።

ቺንቺላን ለማታውቁት አያቶች ባጭሩ ልናገር። ከአይጥ ወገን የሆነ ጸጉራም ትንሽ እንስሳ ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው። የመንዝ ሰው ያንን ብርድ ያውቀዋል፤ እኛ ባና ደርበን የምንቋቋመውን እሱ በጸጉሩ ይቋቋመዋል። ከአንዲት የጸጉር ጉድጓድ ከ50 በላይ ጸጉር ይበቅልለታል። ይኸው ጸጉር ጠላት ሆነበት፤ ለካፖርት ሲባል ታድኖ ሊያልቅ ደረሰ። በ1923 ማቲያስ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ 11 ቺንቺላዎችን ከቺሊ ወደ ካሊፎርኒያ አመጣ። ዛሬ በዚህ አገር በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት ነው አመዶን የገዛንላት። ስሙን ያወጣችው እናቷ ናት፤ መልኩ የምድጃ አመድ ይመስላል። ከነሽቦ ቤቱ ገዛነው። የሽቦ ቤቱ ወለል ራሱ ሽቦ ነበር፤ ከሥሩ የሚሳብ ትሪ አለው። ሻጩን «እግሩን አይጎዳውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለማጽዳት ይቀላል» አለኝ። ለጠየቅሁት መልስ እንዳልሰጠኝ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አመዶ ሌሊት ሌሊት ይዘላል። ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይኛው ሲዘል የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ለምደነው ስለነበር ከእንቅልፍ አያነቃንም። አንድ ቀን ልጄ «አባዬ፣ አመዶ ላይ መውጣት ትቷል» አለችኝ። «አርጅቶ ይሆናል» አልኳት። የሁለት ዓመት እንስሳ! ሃያ ዓመት ሊኖር የሚችልን ፍጡር በሁለት ዓመቱ አስረጀሁት። በዚያ ቃሌ አንድ ሳምንት አለፈ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ማታ በሬዎቹን ሲያስገባ ቀንበሩን ከመስቀሉ በፊት የእያንዳንዱን በሬ እግር አንሥቶ ሰኮናውን ያይ ነበር። በጎቹን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ጠልፎ፣ አጋድሞ፣ ጣት በጣት ይፈትሻቸዋል። «ያነከሰ በሬ ዘግይተህ ያየኸው በሬ ነው» ይለኝ ነበር። ይህን ሰምቼ አድጌ፣ ሳሎኔ ውስጥ ያለውን እንስሳ እግር በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁም።

በሳምንቱ ልጄ ራሷ አቅፋ አመጣችው። አንድ እጇን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርጋ፣ ከሆዷ ጋር አስጠግታ። ልጆች፣ አያያዙ እንዲህ ነው። ጨብጣችሁ ብትጎትቱት ጸጉሩን እጃችሁ ላይ ጥሎ ያመልጣል። የኋላ ግራ እግሩን በቀስታ ገለበጥኩት። ከተረከዙ ሥር ሽምብራ የሚያህል እብጠት አለ። ዙሪያው ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ። በጣቴ ጫፍ ስነካው አመዶ ድምፅ አላሰማም፤ ጥርሱን ብቻ አፋጨ። የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ተራራው ላይ ያነከሰ የቀበሮ ራት ነውና።

ያ እብጠት ከየት መጣ? ከወለሉ ነው። የእንስሳው ክብደት ሁሉ ቀንና ሌሊት በቀጭን ሽቦ ላይ ያርፋል። ውስጥ እግሩ ጸጉር የለውም። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይደድራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ተሕዋስ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ነው። መግል ይቋጥራል። ዝም ከተባለ ጅማት ይዞ አጥንት ይደርሳል። ሽንት ያረጠበው ወለል፣ ውፍረትና መንቀሳቀሻ ማጣት ያባብሱታል።

የሽቦ ወለል በጸጉር እርባታ ጣቢያዎች የተለመደ ነው፤ በጠጡ ወደ ታች ስለሚወርድ ጸጉሩ አይቆሽሽም። እዚያ እንስሳው የሚፈለገው ለቆዳው ስለሆነ ውስጥ እግሩን የሚጠይቅ የለም። እዚህ ግን «የቤተሰብ አባል» የሚል ጽሑፍ በካርቶኑ ላይ እያተሙ፣ ለልጅ የሚሸጡት ያንኑ ወለል ነው! ለማጽዳት ይቀላል! ለማን ነው የሚቀለው? ሰውየው ጫማውን አውልቆ በዚያ ሽቦ ላይ አንዲት ሌሊት ይቁምና ጠዋት ይንገረኝ!

ወደ አመዶ ልመለስ። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ውሻና ድመት የሚያክሙ ደግ ሰዎች ናቸው። እግሩን አይተው በአፍ የሚሰጥ ሽሮፕ አዘዙልን፤ አሞክሲሲሊን። እኛም ለልጅ እንደምንሰጠው ሰጠነው። በሁለተኛው ቀን ድርቆሹን አልነካም። በሦስተኛው ቀን በጠጡ ጥቂትና እርጥብ ሆነ፤ ከወገቡ ጎብጦ ማዕዘን ውስጥ ተቀመጠ። ልጄ ሌሊቱን ወለል ላይ፣ ከሽቦ ቤቱ አጠገብ አደረች።

ይህን ጻፉልኝ። የፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት፣ አሞክሲሲሊንን ጨምሮ፣ ለቺንቺላ በአፍ አይሰጥም። ክሊንዳማይሲንም እንዲሁ። አንጀቱ ውስጥ ድርቆሹን የሚያብላሉለትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድልበታል፤ እግሩን ሊያድን የታሰበው መድኃኒት እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ «እንስሳት ታክማላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ቺንቺላ ታክማላችሁ?» በሉ። ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን የሚያዩ ሐኪሞች አሉ፤ ቁጥራቸውን ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

እንዲህ ያለችው ሐኪም በሦስተኛው ቀን ማታ ተቀበለችን። ሽሮፑን አስቆመች፤ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው፤ የሚበጠበጥ ምግብ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እንድናጎርሰው አሳየችን። ሆዱ ሲስተካከል ራጅ አነሣችው። አጥንቱ ደህና ነበር። ከዚያ እብጠቱን ከነከረጢቱ አወጣችው። ለምን ወግታ እንዳላፈሰሰችው ስጠይቃት አሳየችኝ፤ የእነዚህ እንስሳት መግል እንደ ተጨመቀ አይብ ጠጣር ነው፤ ቢወጉት አይፈስም። ቤት ውስጥ በመርፌ የሚሞክር ወላጅ ካለ ለዚህ ነው የምለምነው፤ አትንኩት። የሰው ቅባትም አትቀቡት፤ ልሶ ይውጠዋል።

ቁስሉ እስኪድን አሥር ሳምንት ፈጀ። ፋሻውን የምትቀይረው ልጄ ነበረች።

አሁን አንድ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ልናገር። ያን ሰሞን ቡና ላይ «ለአይጥ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» የተባልኩ ሰው ነኝ። ያላችሁኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ እወዳችኋለሁ፤ አልተቀየምኩም ብል ግን ውሸት ነው። ኃላፊነት ትማር ብዬ እንስሳ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ሲታመም «ተይው፣ ሌላ እገዛልሻለሁ» ብላት ምን ትማራለች? የታመመ በሬ ሲኖር አባቶቻችን እንዲህ ይሉ ነበር? በሬው ያርስላቸዋል ትሉ ይሆናል። አባቴ ማረስ ያቃተውን ሽማግሌ በሬ ሰኮናም ያይ ነበር! አይቻለሁ!

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። እብጠት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቺንቺላ ውስጥ እግር በተፈጥሮው ወፈር ያለ ንጣፍ አለው፤ ሁለቱን እግሮች አስተያዩ፤ ከተመሳሰሉና ቅላት ከሌለ አትደንግጡ። በድንገት ያበጠና የተንጠለጠለ እግር ስብራት ሊሆን ይችላል፤ የቅልጥሙ አጥንት ቀጭን ስለሆነ በሽቦ ቀዳዳ ሲያዝ ይሰበራል፤ በዚያው ሰዓት ይወሰድ። ጣቱ ብቻ ካበጠ ክር ወይም ጸጉር ተጠምጥሞበት እንደሆነ እዩ። ቅርፊት ያለውና ጸጉር የሚያራግፍ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ እጃችሁን ታጠቡ።

የሽቦ ወለሉን ቀይሩ፤ መቀየር ካልቻላችሁ ባልተቀባ የጥድ ጣውላ ወይም ጠርዙ በደንብ በተሰፋ ወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲረጥብ ለውጡ። በሳምንት አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ውስጥ እግሩን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ዓይን የሚረሳውን ያለፈው ሳምንት ፎቶ ያስታውሳችኋል። ምግቡ በዋናነት ድርቆሽ ይሁን። በውኃ አትጠቡት፤ ለእሱ የተዘጋጀውን አቧራ ስጡት፣ ይንከባለልበት። ክፍሉ አይሙቀው።

አመዶን ይዤው መጥቻለሁ፤ በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። የግራ ተረከዙ ላይ ጠባሳው ይታያል። ልጄ ትይዘዋለች። ልጆች፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ኑ።