ጎማና ኩሊ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ሻከር ብሏል፤ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

ሰሞኑን አንድ የድሮ የሆላንድ ፊልም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። «ሩበር» ይባላል፤ ጎማ ማለት ነው። የወጣው በ1936 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ፊልሙ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሱማትራ፣ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ደሴት በሆነችው፣ በጎማ ዛፍ እርሻ ላይ ስለሚኖሩ ነጮች ነው። ሙቀት፣ ድብርት፣ መጠጥ፣ የሰው ሚስት መውደድ።

ታሪኩ የተወሰደው በ1931 ከታተመ ልቦለድ ነው። ደራሲዋ ማዴሎን ሉሎፍስ ነገሩን ከሩቅ ሰምታ አይደለም የጻፈችው። የተወለደችው ጎረቤት ደሴት ጃቫ ላይ፣ ሱራባያ ከተማ ነው። የእርሻ ሰው አግብታ ሱማትራ ላይ ዴሊ በሚባለው አካባቢ ኖራለች። ኋላ ባሏን ፈትታ ላስሎ ሴኬይ የሚባል ሃንጋሪያዊ አገባች፤ እሱም የእርሻ ሰው። ሐሜቱን ከምንጩ ነው የቀዳችው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ያን ሁሉ ጎማ ማን አለበው? አዎ፣ ማለብ ነው የሚባለው።

ሠራተኛው ገና ሳይነጋ ይነሳል። ፀሐይ ስትበረታ ወተቱ አይወርድለትማ። የዛፉን ቅርፊት በቢላ በሰያፍ፣ ስስ አድርጎ ይልጣል። ነጩ ወተት በቦዩ ወርዶ ከታች ያለችው ስኒ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። እጁ ትንሽ ከጠለቀ ዛፉ ይቆስላል፤ ቅርፊቱም በኋላ ጎርበጥባጣ ሆኖ ነው የሚያገግመው። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው፣ በመቶ የሚቆጠር ዛፍ። ከዚያ ዞሮ ስኒዎቹን ባልዲ ውስጥ ይገለብጣል።

ይሄ ሰው ኩሊ ነው የሚባለው። የእኛው ኩሊ! ልጅ ሆኜ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ እናቴ «ሂድ ኩሊ ጥራ» ትለኝ ነበር። እጮሃለሁ። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። የአንዳቸውንም ስም ጠይቄ አላውቅም።

የሱማትራው ግን ሸክሙን አውርዶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ አልነበረም። ከጃቫም ከቻይናም መጥቶ በውል ይታሰራል። በ1880 የወጣው የኩሊ ድንጋጌ ከእርሻው የጠፋ ወይም አልሠራም ያለ በወንጀል እንዲቀጣ ያዛል። በ1902 ፋን ደን ብራንድ የሚባል፣ ሜዳን በምትባል የሱማትራ ከተማ የሚኖር ጠበቃ ግፉን ጽፎ ሆላንድን አስደነገጠ። መንግሥትም ሬምሬፍ የሚባል ዐቃቤ ሕግ ልኮ አስመረመረ። ሪፖርቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የታተመው በ1987 ነው። ሰማንያ ዓመት አልፎ!

ሉሎፍስ በ1932 ሌላ ልቦለድ አወጣች፤ ርዕሱ «ኩሊ»። ሩኪ የሚባል የጃቫ ልጅ ተታሎ ሱማትራ ይገባል። አገሬ እገባለሁ ብሎ ያጠራቀማትን በቁማር ይበላል። እንደገና ይፈርማል።

እንግዲህ ፊልሙ ሲሠራ ሁለቱም መጽሐፍ ገበያ ላይ ነበር። የተመረጠው በረንዳ ላይ የተቀመጡት የነጮቹ ታሪክ ነው። ለንግዱ ካልን ይገባኛል፤ ትኬት የሚቆርጠው አምስተርዳም ነው። ግን ሩኪን ስክሪን ላይ ባየው እንዴት ደስ ባለኝ።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ሄጄ ነበር። አንድ ልጅ ሻንጣዬን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«ስምህ ማነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?»