ተማሪውን በሩ ላይ የሚቀበለው ማን ነው? ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና የሙያ አማካሪዎች፣
ተማሪዎቻችንን በየሥራ ቦታችሁ ተቀብላችሁ የምታሠለጥኑ የድርጅት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለዚህ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። የዓመቱ የሥራ ክንውንና የሂሳብ ሪፖርት ከእኔ ቀጥሎ በየተራው ስለሚቀርብ፣ እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ለማዋል መርጫለሁ። ጉዳዩም ትምህርት ቤትና ድርጅት ተፈራርመው አንድን ተማሪ ወደ ሥራ ቦታ ከላኩት በኋላ፣ ያንን ተማሪ በሩ ላይ ተቀብሎ አብሮት የሚውለው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። መምህር በነበርኩበት ዘመን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ለሁለት ሳምንት የሥራ ላይ ልምምድ ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ልከን ነበር። የመግባቢያ ሰነዱ በሥነ ሥርዓት ተፈርሟል፤ ፎቶግራፍም ተነሥተናል። ተማሪዎቹ ሲመለሱ የዕለት መዝገባቸውን እያገላበጥኩ ሳነብ፣ የአንዱ ልጅ ደብተር የመጀመሪያው ቀን ላይ «ፎቶ ኮፒ አነሣሁ» ይላል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ «ፎቶ ኮፒ አነሣሁ፣ ፋይል ሦስተኛ ፎቅ አደረስኩ» ይላል፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ግን በየገጹ «እንደ ትናንቱ» ከሚል ቃል በስተቀር ምንም አልተጻፈበትም። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለ፤ የግምገማው ቅጽም «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተሞልቷል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያን ልጅ ሆን ብሎ የበደለ ሰው አልነበረም። ሁሉም በየራሱ ሥራ ተጠምዶ ስለነበር፣ ልጁን እንዲያሠለጥን በስሙ የታዘዘ አንድም ሰው ባለመኖሩ የሆነ ነው። እኛ መምህራኑም ሳንጠይቅ ልከነዋል፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

በዚህ ዓመት ባደረግሁት ጉብኝት ደግሞ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ ቶርኖ ከተባለው የብረት መቅረጫ ማሽን የወረደ ዘንግ በካሊፐር ስትለካ አገኘኋት። ልኬቱን አንብባ 24.8 ሚሊ ሜትር አለች። አጠገቧ የቆመው ባለሙያ ልክ ነሽም፣ ተሳስተሻልም አላላትም፤ «እስቲ ድገሚው» አላት። ስትደግመው 24.6 ሆነ። ቀና ብላ ብታየውም ዝም አለ። መሣሪያውን እንደገና ካስተካከለች በኋላ፣ መጀመሪያ አዘንብላ ይዛው እንደነበር ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ ባለሙያው ዘንጉን እንድትዳስሰው አደረገና፣ ጥቃቅን ልዩነት በሚፈለግበት ሥራ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እንዳለበት ነገራት። ልጅቱም «ሙቀት ስለሚያሰፋው ነዋ» አለች። ይህን በፊዚክስ ክፍል ተምራው ኖሯል። ሁሉም ነገር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ይሁንና ባለሙያው ለእነዚያ አሥር ደቂቃዎች የራሱን ማሽን አጥፍቶ ነበር።

የእኔም ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው። የመግባቢያ ሰነድ የሚፈርሙት ርዕሰ መምህርና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሰነዱን በተግባር የሚፈጽመው ግን ስሙ በሰነዱ ላይ የሌለ አንድ ሠራተኛ ነው። ማሽኑን ያጠፋባቸው ደቂቃዎች ከዕለት ምርቱ የሚቀነሱበት ከሆነ፣ ማሠልጠኑም በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ካልተጻፈለት፣ ዛሬ በደግነት ያደረገውን በሥራ ጫና ወቅት ሊያደርገው አይችልም። የተማሪን የወደፊት ሙያ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ ማንጠልጠል ደግሞ ለተማሪውም ለሠራተኛውም ፍትሐዊ አይደለም።

በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ያላቸው አገሮች ነገሩን ለደግነት አልተዉትም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ሠልጣኞች የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ በድርጅት፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋሉ። በድርጅቱ ውስጥ ለሥልጠናው ኃላፊ የሚሆነው ባለሙያም ሙያውን ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ሌላውን ማሠልጠን መቻሉን በፈተና እንዲያስመሰክር ይጠየቃል። በአሜሪካ ብሩክሊን እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፒ-ቴክ የተባለው ትምህርት ቤትም አይቢኤም ከተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ጋር ሲቋቋም፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከኩባንያው ሠራተኞች አንድ አማካሪ እንዲመደብለት ተደርጓል። አደረጃጀታቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ተማሪው የሚያገኘውን ሰው አስቀድመው ያዘጋጃሉ።

አንዳንድ አባሎቻችን ይህን ያህል ጥረት ለአሥራ አምስትና ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ለምን አስፈለገ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ቢመጡ አይሻልም ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባካሄደው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ የ15 ዓመት ተማሪዎች ዕድሜያቸው 30 ሲሞላ በምን ሥራ ላይ እንደሚገኙ ተጠይቀው ነበር። የ41 አገሮች መልስ ሲጠናቀር፣ ከወንዶቹ 47 በመቶ፣ ከሴቶቹም 53 በመቶ የሚሆኑት እንደ ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስና ፖሊስ ባሉ አሥር የታወቁ ሙያዎች ላይ ተከማችተው ተገኝተዋል። ልጅ ያላየውን ሥራ ሊመኝ አይችልም። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የመጋዘን አስተዳዳሪ ወይም የማሽን ጥገና ባለሙያ ምን ሲሠራ እንደሚውል ዓይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ እነዚህን ሙያዎች መርጧል ወይም ትቷል ማለት አይቻልም፤ ከነጭራሹ አልቀረቡለትም።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ሠልጣኝ ሆነው ከመቀጠራቸው በፊት ልጆች ለጥቂት ቀናት ወደ አንድ ድርጅት ገብተው ሥራውን የሚቀምሱበት ልማድ አለ። ስሙ በጀርመንኛ «ሽኑፐርሌረ» ይባላል፤ የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ማሽተት ማለት ነው። ስያሜው ደስ ይለኛል፤ ልጁ በዚያ ቀን ምንም እንዲወስን አይገደድምና። «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ቢመለስ ማንም እንደ ውድቀት አይቆጥርበትም። እኛ ግን ከልምምዱ በኋላ በሙያው ያልቀጠለውን ተማሪ በሪፖርታችን ውስጥ «ያቋረጠ» እያልን እንመዘግባለን። ይህ ቃል ከቅጾቻችን ላይ እንዲነሣ በግሌ እጠይቃለሁ።

የወጪን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ የድርጅት ኃላፊዎች በየስብሰባው የሚያነሡት ስጋት እውነተኛ ነውና። በስዊዘርላንድ የተደረጉ ጥናቶች ሠልጣኝ የሚይዙ ድርጅቶች በአማካይ ሥልጠናው ሳያልቅ ወጪያቸውን በሠልጣኙ ሥራ እንደሚመልሱ ያሳያሉ። በጀርመን ግን በሥልጠናው ወቅት ወጪው እንደሚያመዝንና ትርፉ የሚገኘው ሠልጣኙ ከምረቃው በኋላ በድርጅቱ ሲቀር መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። ስለዚህ «ወዲያው ታተርፋላችሁ» ብዬ ለማንም ቃል አልገባም። ብቻቸውን አንድ ሠልጣኝ ለመያዝ አቅም ለሌላቸው አነስተኛ ድርጅቶች ግን ሁለትና ሦስት ሆነው አንዱን ሠልጣኝ በየተራ መያዝ የሚችሉበት አሠራር በስዊዘርላንድ ስላለ፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዚህ ላይ የራሱን ሐሳብ ያቀርባል።

የዕድሜና የደኅንነት ጉዳይ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 182 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለጤናቸውና ለደኅንነታቸው አደገኛ ከሆነ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ተማሪን ልምምድ በሚል ስም የጎደለ ሠራተኛ መተኪያ ማድረግም ሊታገሥ አይገባም። መነጽር፣ የደኅንነት ጫማና ቱታ ሳይሰጠው ወደ ማሽን የተጠጋ ልጅ ካለ፣ ልምምዱ በዚያው ሰዓት መቆም አለበት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የምደባው ነገር ነው። ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች «የልምምድ ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ» ተብሎ ለተማሪዎች ደብዳቤ ይሰጣል። አባቱ ወይም እናቱ ሰው የሚያውቁለት ልጅ በማግስቱ ጥሩ ቦታ ያገኛል፤ ዘመድ የሌለው ልጅ ያንኑ ደብዳቤ ይዞ ከበር በር ሲዞር ይከርምና፣ በመጨረሻ ማንም ያልፈለገው ቦታ ይደርሰዋል። የትምህርት ቤቶችና የድርጅቶች ትብብራችን የተመሠረተው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ አሠራር ከቀጠልን ልዩነቱን እኛው ራሳችን እናሰፋዋለን። ቦታ የማፈላለጉ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱና የማኅበሩ እንጂ የልጁ ሊሆን አይገባም።

ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ክፍለ ጊዜ ተሻሽሎ የተዘጋጀው የስምምነት ረቂቅ ይቀርብላችኋል። በሁለተኛው ገጽ ላይ እስካሁን በሰነዶቻችን ውስጥ ያልነበሩ አራት ባዶ መስመሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፦ ተማሪውን የሚያሠለጥነው ሠራተኛ ሙሉ ስም፣ ለዚህ ሥራ በሳምንት ከመደበኛ ተግባሩ የሚነሣለት ሰዓት፣ እንዲሁም ተማሪው ሲጨርስ ያለ ረዳት ሊሠራው የሚችለው አንድ የተወሰነ ሥራ። አራተኛው መስመር መምህሩ ልምምዱ ሳያልቅ ወደ ሥራ ቦታው የሚሄድበትን ቀን ይመለከታል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የሚጠይቃችሁ መስመሮቹ ሳይሞሉ ማንኛውም ስምምነት በማኅበሩ ስም እንዳይፈረም እንድትወስኑ ነው። ሰዓቱ በዛ የምትሉ፣ ወይም አነሰ የምትሉ ብዙዎች እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ተከራክራችሁ እንድትወስኑ በቂ ጊዜ ተይዟል።

በዚሁ የዘንድሮው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን እየገለጽኩ፣ የዓመቱን የሥራ ክንውን ሪፖርት እንዲያቀርቡልን ዋና ጸሐፊያችንን ወደ መድረኩ በአክብሮት እጋብዛለሁ።