ጠያቂው ወንበሩን ካጣ ምርመራው የታለ?

(ጆሃንስበርግ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለምንኖርበት አገር፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ ፖለቲካ አጠር ያለ ንግግር አድርግ ብለውኛል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ዛሬ መራጭ ሆነዋል። ቤት ሲገቡ "አባዬ፣ ማንን ልምረጥ?" ይላሉ። እኛም "ተዋቸው፣ ሁሉም ሌቦች ናቸው" ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ሁሉም ሌባ አልነበረም። ከገዢው ፓርቲ ከኤኤንሲ ውስጥ ሆነው የገዛ ፓርቲያቸውን የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻችን ማወቅ ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ነው።

ከጦር መሣሪያው ግዢ ልጀምር። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ 1999 ነው። ማንዴላ ሥልጣን ያስረከቡበት ዓመት ነው። መንግሥት 30 ቢሊዮን ራንድ በሚጠጋ ገንዘብ የጦር መርከብና የጦር አውሮፕላን ለመግዛት ተዋዋለ። ፓትሪሺያ ዴ ሊል የተባሉ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ፓርላማ ውስጥ ቆመው "ጉቦ አለበት፣ ይመርመር" አሉ። ነገሩ ስኮፓ ወደሚባለው የመንግሥት ሒሳብ ቋሚ ኮሚቴ ደረሰ። ሰብሳቢው ተቃዋሚ ነበሩ፤ ጋቪን ዉድስ ይባላሉ። በኮሚቴው ውስጥ የኤኤንሲ አባላትን የሚመሩት ደግሞ አንድሩ ፋይንስታይን ነበሩ። ሁለቱ ተባበሩ። ፓርቲ ሳይለያቸው ይመርመር አሉ።

ከዚያስ? በ2001 መጀመሪያ ላይ ፋይንስታይን ከኃላፊነታቸው ተነሱ። በዚያው ዓመት ፓርላማውን ለቀው ወጡ። ዉድስም በማግሥቱ ዓመት ሰብሳቢነቱን ተዉት። ኮሚቴው አልፈረሰም። ስሙም፣ ክፍሉም፣ ወንበሩም እንዳለ ነው። የጠፉት የሚጠይቁት ሰዎች ናቸው።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር ብሔራዊ ምርጫ መራጩ በዋናነት የሚመርጠው ፓርቲ ነው። ማን ዝርዝሩ ላይ እንደሚገባ፣ ስንተኛ እንደሚሆን የሚወስነው ፓርቲው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 እንደሚለው፣ አንድ የምክር ቤት አባል ከፓርቲው አባልነት ከወጣ ወንበሩንም ያጣል። እንግዲህ ፓርቲህን መርምር የተባልከው አንተ፣ እንጀራህ በፓርቲህ እጅ ነው። ልጆችህን የምታስተምረው በዚያ ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደፍሮ ሲጠይቅ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሰው ተመልከቱ። ቶኒ የንጌኒ በፓርላማው የኤኤንሲ ዋና ተጠሪ ነበሩ። ከጦር መሣሪያው ግዢ ጋር ንክኪ ካለው ኩባንያ በኩል መርሴዲስ መኪና በ47 በመቶ ቅናሽ ወሰዱ። ለፓርላማው ግን አላሳወቁም። በ2003 በማጭበርበር ተፈረደባቸው። በ2006 ወደ ፖልስሙር እስር ቤት ሲገቡ ደጋፊ በትከሻው ተሸክሞ ሸኛቸው። ከሸኙዋቸው መሐል ማን ነበር? የፓርላማው አፈ ጉባኤ ባሌካ ምቤቴ! የተዋሸው ፓርላማ ነው፤ የዋሸውን ሰው እስር ቤት በር ድረስ የሸኙት ደግሞ የዚያው ፓርላማ አፈ ጉባኤ ናቸው። ጠያቂው ብቻውን ወጣ፣ ጥፋተኛው በትከሻ ተሸኘ። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ኦገስት 8 ቀን 2017 ነው። ሱቄ ያኔ ሎኬሽን በምንለው በጥቁሮች መንደር ውስጥ ነበር። ከዳቦ መደርደሪያው በላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅያለሁ። የዚያን ቀን ፓርላማው በፕሬዚዳንት ዙማ ላይ እምነት አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ከወትሮው ልዩ የሆነው፣ ድምፁ በምስጢር መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አፈ ጉባኤዋ በምስጢር ማድረግ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ እሳቸውም ፈቀዱ። አፈ ጉባኤዋ እኚሁ ባሌካ ምቤቴ ናቸው። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሱቁ ሞላ። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቀረ። ወጣቶቹ በር ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ብርድ ነው፣ በጊዜ ጨልሟል። አንዲት ጎጎ (አያት ማለት ነው) ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው መጡ። ሁልጊዜ ከእኔ ዘንድ ስኳርና የስልክ ካርድ የሚገዙ ናቸው። ከ1994 ጀምሮ ኤኤንሲን እንጂ ሌላ መርጠው አያውቁም። በርጩማ ሰጠኋቸውና ተቀመጡ።

ውጤቱ ተነበበ። ዙማ ይውረዱ ያለ 177፣ ይቆዩ ያለ 198፣ ድምፀ ተአቅቦ 9። ወጣቶቹ ተናደዱ፣ አንዱ በሩን በእርግጫ መታው። ጎጎ ግን ረጋ ብለው ይቆጥሩ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተደምረው 151 ወንበር ብቻ ነው ያላቸው። እንግዲያው ቢያንስ 26 የኤኤንሲ ሰዎች በፕሬዚዳንታቸው ላይ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። ወደ እኔ ዞሩና "አየህ ልጄ፣ የእኛም ሰዎች ያውቃሉ። ስማቸው ስላልታየ ነው የደፈሩት" አሉኝ። ስኳራቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ስንት የፖለቲካ ትንታኔ ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ የለም።

ፊት ለፊት የተናገሩትስ? የዚያው ፓርቲ አባል ማኮሲ ኮዛ በግልጽ ዙማ ይውረዱ አሉ። የግድያ ዛቻ ደረሰባቸው። ከኮሚቴ ሰብሳቢነት ተነሡ። በዚያው ዓመት ፓርቲውን ለቀቁ። ዙኪስዋ ራንቶንም ልጥቀስ። የኤኤንሲ አባል ሆነው የመንግሥቱን የመብራት ኩባንያ የኤስኮምን ጉዳይ የመረመረውን የፓርላማ ኮሚቴ መርተዋል። ምርመራው በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሚኒስትርና የቦርድ አባል እየተጠራ ሲጠየቅ በዓይናችን አየን። ከ2019 ምርጫ በኋላ ግን ራንቶ ፓርላማ ውስጥ አልነበሩም።

የዙማን የንካንድላ ቤት ጉዳይም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 ሪፖርታቸውን አወጡ። በዙማ የግል መኖሪያ ላይ የመንግሥት ወጪ ወደ 246 ሚሊዮን ራንድ ይደርስ ነበር። ከደኅንነት ጋር የማይገናኘውን ይክፈሉ አሉ። ፓርላማው ምን አደረገ? ኮሚቴ አቋቋመ። የፖሊስ ሚኒስትሩ መጥተው የመዋኛ ገንዳው ለእሳት ማጥፊያ ነው አሉ። ገዢው ፓርቲ አብላጫ ድምፅ ነበረውና ፕሬዚዳንቱ ነፃ ወጡ። ማርች 31 ቀን 2016 ዋና ዳኛው ሞጎኤንግ ሞጎኤንግ ያነበቡት የሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ፓርላማውን ራሱን ሕገ መንግሥቱን ጥሰሃል አለው። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ! ዙማም ከ7 ሚሊዮን ራንድ በላይ ከፈሉ። ኮሚቴ ማቋቋም መመርመር አይደለም፣ ወገኖቼ! ኮሚቴ ለመሸፈኛም ይቋቋማል!

በ2022 የፋላ ፋላ ጉዳይ መጣ። በፕሬዚዳንት ራማፎሳ እርሻ ሶፋ ውስጥ ተቀምጦ የተሰረቀው ዶላር ማለቴ ነው። ፕሬዚዳንቱ ጥፋት የለብኝም ይላሉ። ጥፋት ከሌለ ምርመራ ምን ያስፈራል? ፓርላማው ግን በ214 ለ148 ምርመራው አይቀጥልም አለ። ድምፁ በግልጽ ነበር። ጎጎ ያሉትን አስታውሱ። ከፓርቲያቸው ተለይተው ይቀጥል ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2024 ሕዝቡ ለኤኤንሲ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሰጠው። ከ30 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ።

ስለ አገራችን ብዙ አልልም። አባቶች 1966 ዓ.ም. የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን ታስታውሳላችሁ። ባለሥልጣናት እየቀረቡ ይጠየቁ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ጠያቂ መከበር አለበት ስል ተጠያቂውም ፍርድ ያገኛል ማለቴ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ ማኅበር የኦዲት ኮሚቴ አለን። የሚሾመው ሥራ አስፈጻሚው ነው፣ የሚያነሳውም ሥራ አስፈጻሚው ነው። ገንዘቡን የሚይዘውም እሱ ነው። አንድም ሰው ሰረቀ አላልኩም። ነገር ግን የለቅሶና የአስከሬን መሸኛ ገንዘብ ነው፣ ሎኬሽን ውስጥ የተገደሉ ልጆቻችንን አገር ቤት የላክንበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የኦዲት ኮሚቴውን ይህ ጉባኤ ይምረጠው፤ ከጉባኤው በቀር ማንም አያንሳው። ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ በየዓመቱ እዚህ መድረክ ላይ በድምፅ ይነበብ። ምርጫው በወረቀትና በምስጢር ይሁን። ወረቀቱን ይዣለሁ፣ ከምሳ በፊት ማደል እንችላለን።

አመሰግናለሁ።