ከፈቃድ በፊት የሚመጣ ጥያቄ፦ የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ አሠራር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወገኖቼ፤

ብራስልስ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች በየሕንጻው በርና በየአጥሩ ላይ የሚለጠፈው ቀይ ማስታወቂያ እንግዳ ነገር አይደለም። የግንባታው ቦታ፣ የፈቃድ ጠያቂው ማንነት፣ ሰነዱ የት ሊታይ እንደሚችልና አስተያየት እስከ የትኛው ቀን እንደሚቀበል በፈረንሳይኛና በደች ታትሞበታል። ብዙዎቻችን ጽሑፉ ስለሚደቅብን፣ ጉዳዩም የባለአገሮቹ ብቻ ስለሚመስለን ገልመጥ አድርገነው እናልፋለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚህ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ጣሪያ ከፍ ስለማድረግ ወይም የሱቅ ፊት ስለመቀየር የሚናገሩ በመሆናቸው ብናልፋቸውም ብዙ አይቀርብንም። ጥቂቶቹ ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንደተደረገ ይገልጻሉ፤ ከእነዚያ በስተጀርባ ደግሞ ከአርባ ዓመት በፊት የተጀመረና በ27ቱም የኅብረቱ አባል አገራት የሚሠራ ሕግ አለ። ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለዚሁ ሕግ አሠራር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሕጉ መጀመሪያ የወጣው በ1985 ሲሆን ቁጥሩ 85/337 ነበር። በየጊዜው ከተሻሻለ በኋላ በ2011 መመሪያ ቁጥር 2011/92 ተብሎ ተጠቃለለ፤ በ2014 ደግሞ ዛሬ የሚሠራበትን መልክ ያስያዘው ትልቅ ማሻሻያ ተደረገበት። መመሪያ እንደመሆኑ ሊደረስበት የሚገባውን ውጤት ያስገድዳል፣ መንገዱን ግን ለየአገሩ ይተዋል። በዚህም የተነሣ ቤልጅየም ውስጥ ፍላንደርስ፣ ዋሎኒያና ብራስልስ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የኑክሌር ኃይል ጉዳይ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው። ይህ ድርብርብ አሠራር ለባለሙያም ቢሆን ራስ የሚያዞር ቢሆንም መሠረቱ አንድ ስለሆነ እዚያው መሠረቱ ላይ እቆያለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን የተሳሳተ ግምት ላንሣ። ብዙ ሰው ይህ ሕግ አካባቢን የሚጎዳን ፕሮጀክት የሚከለክል ይመስለዋል። አይከለክልም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጉዳቱን ካወቀ፣ በጽሑፍ ካስቀመጠ፣ የሕዝቡን አስተያየት ከመዘነና ምክንያቱን ከገለጸ በኋላ ጉዳት ያለበትን ፕሮጀክት እንኳ ሊፈቅድ ይችላል። በዚህ ረገድ በ1992 ከወጣው የተፈጥሮ መኖሪያዎች ጥበቃ መመሪያ ይለያል፤ ያኛው በጥበቃ ሥር ያለ ቦታ እንደማይጎዳ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ በጠባቡ ከተቀመጡ ልዩ ሁኔታዎች ውጭ፣ ፈቃድ መስጠትን ይከለክላል። የእኛው ሕግ ጉልበት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ግምገማው ከፈቃዱ መቅደም አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ሲፋለስ ምን እንደሚከተል ወደ በኋላ በአንድ የአየርላንድ ተራራ ላይ እናየዋለን።

ወደ አሠራሩ ስንገባ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ፕሮጀክት ይገመገማል የሚለው ነው። መመሪያው ሁለት ዝርዝሮች በአባሪነት አሉት። በመጀመሪያው ውስጥ ያሉት ያለምንም ክርክር ይገመገማሉ፦ 300 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሙቀት ኃይል ያላቸው ማመንጫዎች፣ የኑክሌር ጣቢያዎች፣ የመንደርደሪያው መሠረታዊ ርዝመት 2,100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የፍጥነት መንገዶች፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዙ ግድቦች፣ ከ85,000 በላይ የሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ድርጅቶችም ሳይቀሩ። በሁለተኛው ዝርዝር ያሉት፣ ለምሳሌ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የገበያ ማዕከላትና ሌሎች የከተማ ልማት ሥራዎች፣ በቅድሚያ ይጣራሉ። ባለሥልጣኑ የፕሮጀክቱን ባሕርይ፣ የሚያርፍበትን ቦታና ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ዓይነት ተመልክቶ፣ የተሟላ መረጃ ከቀረበለት ቀን ጀምሮ በመደበኛው ከ90 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ይገመገማል ወይም አይገመገምም ብሎ ይወስናል፤ ለውሳኔውም ምክንያቱን ይፋ ያደርጋል።

ማጣሪያው ባለበት ሁሉ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የሚፈልግ አይጠፋም። የታወቀው ዘዴ አንዱን ትልቅ ፕሮጀክት እየቆራረጡ ማቅረብ ነው፤ ቁራጩ ለብቻው ሲታይ ከገደቡ በታች ይሆናልና። የማድሪድ ከተማ የቀለበት መንገዱን ዕድሳት በተለያዩ ንዑስ ፕሮጀክቶች ከፋፍሎ ሲያካሂድ ጉዳዩ ሉክሰምበርግ የሚገኘው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2008 ፕሮጀክትን በመቆራረጥ ከመመሪያው ማምለጥ እንደማይቻል፣ የከተማ ውስጥ መንገድም ከሕጉ ውጭ እንዳልሆነ ወሰነ። በዚያው ዓመት የሊዬዥ አውሮፕላን ማረፊያ ነዋሪዎች ባነሡት ክርክር ላይ፣ የማረፊያውን ሕንጻዎችና ሜዳዎች የመለወጥ ሥራ ሲገመገም ከሥራው በኋላ የሚጨምረው የበረራ እንቅስቃሴም አብሮ መታየት እንዳለበት ተናግሯል። ለጎረቤት የሚተርፈው ሌሊት ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ።

ፕሮጀክቱ ይገመገማል ከተባለ በኋላ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ባለፕሮጀክቱ ራሱ ነው፤ ወጪውንም የሚሸፍነው እርሱ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። «ታዲያ በራሱ ላይ ማን ይመሰክራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በአገር ቤቱ፣ በኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2002)ም ሪፖርቱን የማዘጋጀት ግዴታና ወጪው የባለፕሮጀክቱ በመሆኑ ይኸው ጥያቄ እዚያም ይነሣል። በእኔ እምነት የዚህ ሕግ ደካማ ጎን ይህ ነው። የ2014ቱ ማሻሻያ ችግሩን ለማቃለል ሪፖርቱ ብቃት ባላቸው ባለሙያዎች እንዲዘጋጅ፣ መርማሪው ባለሥልጣንም በቂ ሙያዊ ዕውቀት እንዲኖረው ወይም ማግኘት እንዲችል፣ ባለሥልጣኑና ባለፕሮጀክቱ አንድ አካል ሲሆኑም ቢያንስ ሥራቸው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲለያይ አስገድዷል። ጠያቂው ከፈለገ ደግሞ ሪፖርቱ ምን ምን ማካተት እንዳለበት ባለሥልጣኑ አስቀድሞ አስተያየት ይሰጠዋል።

ሪፖርቱ የሚሸፍነው ሰፊ ነው፦ የሰው ጤና፣ ብዝኃ ሕይወት፣ መሬት፣ አፈር፣ ውኃ፣ አየር፣ የአየር ንብረት፣ ቅርስና የመልክዓ ምድር ገጽታ፣ እንዲሁም የእነዚህ ሁሉ ትስስር። ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ስለሚኖሩት ሙሉውን የሚያነበው ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ሕጉ ከሙያ ቃላት የጸዳ ማጠቃለያ እንዲኖረው የሚያዝዘው። ይሁንና ከማጠቃለያው ቀጥሎ ምን ላንብብ ለሚለኝ ሰው የምመክረው ስለ አማራጮች የሚናገረውን ክፍል ነው። ባለፕሮጀክቱ የተመለከታቸውን ምክንያታዊ አማራጮች፣ ማለትም ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቴክኖሎጂ ወይም ሌላ መጠን፣ የመረጠውን የመረጠበትን ዋና ምክንያት ጨምሮ መግለጽ አለበት። ውሳኔው ቀድሞ አልቆ ሪፖርቱ ለይስሙላ የተጻፈ ከሆነ በዚህ ክፍል ላይ ይታወቃል፤ አማራጮቹ በሁለት አንቀጽ ተዘግተው ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ እኛ ወደ ነዋሪዎቹ ይመጣል። ሪፖርቱ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ከ30 ቀን ማነስ የለበትም። አስተያየት ለመስጠት የቤልጅየም ዜግነት አያስፈልግም። መመሪያው ሕዝብ የሚለው ማንኛውንም የተፈጥሮ ወይም ሕጋዊ ሰው ነው፤ የሕዝብ ተሳትፎ ድንጋጌዎቹ የተመሠረቱበት የ1998ቱ የኦርሁስ ስምምነትም ተሳትፎው በዜግነት፣ በብሔር ወይም በመኖሪያ ቦታ ልዩነት እንዳይገደብ በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ሰውም፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰውም፣ ከቤቱ አጠገብ ስለሚሠራው መንገድ ወይም ፋብሪካ መጻፍ ይችላል።

እንዴት እንደሚጻፍ ግን ልዩነት አለው። «ፕሮጀክቱን እቃወማለሁ» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ተቆጥሮ ይቀመጣል እንጂ ምንም አያንቀሳቅስም። ለባለሥልጣኑ ከባድ የሚሆነው በሪፖርቱ ውስጥ ያለን ጉድለት የሚያመለክት አስተያየት ነው። ለምሳሌ የትራፊክ ቆጠራው የተደረገው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በኦገስት ወር ከሆነ፣ ልጁን በየማለዳው በዚያ መንገድ የሚያደርስ ወላጅ ቁጥሩ እውነተኛውን ሁኔታ እንደማያሳይ ከአማካሪው ይልቅ ያውቃል፤ ይህንኑ ገጹንና ሠንጠረዡን ጠቅሶ ቢጽፍ ባለሥልጣኑ ሊያልፈው አይችልም። ውሳኔው ሲታወቅ የቀረቡት አስተያየቶች እንዴት እንደታዩ አብሮ መገለጽ አለበትና። ጉዳቱ ድንበር የሚሻገር ሲሆን ደግሞ የጎረቤት አገር መንግሥትና ሕዝብም በምክክሩ እንዲሳተፉ ይደረጋል፤ ይህ ግዴታ የ1991ዱን የኤስፖ ስምምነት ይከተላል።

በመጨረሻ ባለሥልጣኑ በምክንያት የተደገፈ ድምዳሜ ይሰጣል፤ ከፈቀደም ከፈቃዱ ጋር ጉዳት ማቃለያ ግዴታዎችንና የክትትል እርምጃዎችን ያያይዛል።

አሁን ወደዚያ ተራራ ልመለስ። ደሪብራየን በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይ አውራጃ የሚገኝ ቦታ ነው። ተራራው ፒት በሚባል፣ ዕጽዋት በረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት እየተከማቹ በፈጠሩት፣ ውኃ ያዘለ ለስላሳ አፈር የተሸፈነ ነው። በዚያ ላይ 70 የነፋስ ተርባይኖች ለመትከል ፈቃድ ተሰጠ፤ ፒቱን መቆፈርና መንገድ ማውጣት በተራራው መረጋጋት ላይ ምን እንደሚያስከትል ግን በሚገባ አልተገመገመም። በኦክቶበር 2003 ግንባታው እየተካሄደ ሳለ ተራራው ተናደ። የተንሸራተተው አፈር ወንዝ ውስጥ ገብቶ እጅግ ብዙ ዓሣ ጨረሰ። በ2008 የኅብረቱ ፍርድ ቤት አየርላንድ ሕጉን እንደጣሰች ወሰነ። ተርባይኖቹ በዚያን ጊዜ ተተክለው እየዞሩ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ከዚያ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። አየርላንድ ዘግይቶም ቢሆን ግምገማውን ማካሄድ ሲገባት ፈቃዶቹ የመቃወሚያ ጊዜያቸው አልፎ የጸኑ በመሆናቸው መንካት አይቻልም እያለች ዓመታት አለፉ። በኖቬምበር 2019 ፍርድ ቤቱ የ5 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለባት፣ ግምገማው እስኪፈጸም ድረስም በየቀኑ 15,000 ዩሮ እንድትከፍል አዘዘ። በ2022 መጀመሪያ የአየርላንድ የፕላን ቦርድ ለማመንጫው ወደኋላ የሚሠራ ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ የመንግሥት ድርጅት የሆነው ባለቤቱም ማመንጫውን ዘግቶ ለማፍረስ ወሰነ። ጠቅላላ ቅጣቱ ከ17 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰ። ንጹሕ ኃይል የሚያመነጭ፣ በዓላማው ማንም የማይቃወመው ሥራ ስለነበር እኔን በግሌ የሚያሳዝነኝ ምሳሌ ነው፤ መሐንዲሶቹ አስቀድመው አፈሩን በሚገባ ቢመረምሩ ኖሮ ማመንጫው ሌላ ቦታ ወይም በሌላ አሠራር ሊቆም በቻለ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አንትወርፕ አጠገብ፣ ከኔዘርላንድስ ድንበር ብዙም የማይርቀው የዱል ኑክሌር ጣቢያ ነው። የቤልጅየም ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ሕግ የ1ኛውንና የ2ኛውን ማብላያ ዕድሜ በ10 ዓመት ሲያራዝም ምንም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አልተደረገም፤ ጎረቤቶቹም አልተጠየቁም። ሁለት ማኅበራት ከሰሱ። በጁላይ 2019 የኅብረቱ ፍርድ ቤት፣ ማራዘሙና ለዚሁ የሚያስፈልገው ሰፊ የማደሻ ሥራ ተያይዘው አንድ ፕሮጀክት ስለሆኑ አስቀድመው መገምገም ነበረባቸው አለ። በማርች 2020 የቤልጅየም ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ አቅርቦት እንዳይቋረጥ በሚል ውጤቱ እስከ 2022 መጨረሻ እንዲቆይ ፈቀደ። ፓርላማም ቢሆን ከዚህ ሕግ በላይ እንዳልሆነ ታይቷል፤ ጣቢያዎቹ ግን አንድም ቀን በዚህ ምክንያት አልቆሙም።

በቅርቡ ደግሞ ነፋሱ አቅጣጫውን እየቀየረ ነው። በ2023 የወጣው የታዳሽ ኃይል መመሪያ አባል አገራት የታዳሽ ኃይል ማፋጠኛ ቀጣናዎችን እንዲለዩ ያዛል፤ በእነዚህ ቀጣናዎች የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የተወሰኑ ሁኔታዎችን ካሟሉና ፈጣን ማጣሪያ ካለፉ ከግምገማው ነጻ ይሆናሉ። የአየር ንብረት ለውጥ አጣዳፊ መሆኑን አልክድም፣ ፈቃድ ለዓመታት መጓተቱም እውነት ነው። ነገር ግን ግምገማው ከየፕሮጀክቱ ወደ ቀጣናው ዕቅድ ስለሚሸጋገር፣ ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት ወሳኙ ጊዜ ተርባይኑ የት እንደሚቆም ከመታወቁ በፊት ሊሆን ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የግንባታ ማስታወቂያውን ብቻ ሳይሆን የቀጣና ዕቅዱን ምክክርም መከታተል ያስፈልጋል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የሚመለከተው ነዋሪና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት በፍርድ ቤት ወይም በሌላ ገለልተኛ አካል የመቃወም መብት አላቸው፤ መመሪያው ሥርዓቱ ፍትሐዊ፣ ወቅታዊና በወጪው ተደራሽ እንዲሆን ያዝዛል። የመቃወሚያው ጊዜ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ጀርመን ውስጥ ለአስተዳደር ውሳኔ በመደበኛው አንድ ወር ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከውሳኔው መገለጽ ጀምሮ ስለሆነ፣ አስተያየት የሰጣችሁበት ጉዳይ ካለ የውሳኔውን ማስታወቂያ ከማዘጋጃ ቤቱ ራሳችሁ ጠይቁ፣ ጠበቃ የምትይዙ ከሆነም በዚያው ሳምንት ሰነዱን አስረክቡት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።